የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች? የአንድ አጭር ልብወለድ የሥራ ማስታወሻ

ሐምሌ 6

የዚህ ክረምት ሥራ አንድ አጭር ልብወለድ ነው። አጽሙ አለ። ሰላም የምትባል ልጅ ሪያድ ሠርታ ከዓመታት በኋላ ለእንቁጣጣሽ ወደ ሰፈሯ ትመለሳለች። ሻንጣ አለ፣ እልልታ አለ፣ አልጋ የያዘች እናት አለች። ቤት የቀረችው ታላቅ እህቷ የሺም በጓዳ በኩል ብቅ ጥልቅ ትላለች። የሚያስቸግረኝ ሥጋው ነው። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ስጽፍ አደይ አበባው ይፈካል፣ ወፎቹ ይዘምራሉ፣ ዝናቡ ዶፉን ያወርደዋል። እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ድሮ ተጽፈው የተቀመጡ ናቸው፤ ማንም መዝዞ ያወጣቸዋል።

ስለዚህ ወጥቼ ላይ ነው። አበባ ካለ አበባውን፣ ዝናብ ካለ ዝናቡን፣ ወፍ ካለ ወፏን።

ዕቃ፦ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ይለግማል)፣ ደብተሩን የምጠቀልልበት ፌስታል፣ ቦቲ ጫማ፣ የምቀመጥበት የላስቲክ ቁራጭ። ዣንጥላ አልይዝም፤ አንድ እጅ ይወስዳል። ስልኩ ድምፅ ለመቅዳት ብቻ።

ሕግ አንድ ብቻ ነው። ውጪ በሚጻፈው ደብተር ውስጥ «እንደ» የሚባል ነገር አይገባም። ደመናው ደመና ነው፣ ጭቃው ጭቃ ነው። ምሳሌ ካስፈለገ ቤት ሲደረስ ይፈለጋል።

ሐምሌ 9፣ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል

ቅርቡ ቦታ ይሄ ነው። 705 ሄክታር፣ የእንጦጦ ተራራ ወገብ ላይ። ጠዋት ጭጋግ ስለነበረ ከሃያ እርምጃ በላይ አይታይም፤ ይሄ ለእኔ ጥሩ ነው፣ ዓይን ሩቅ ሄዶ አይንቀዋለልም።

ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። በምኒልክ ዘመን፣ አዲሲቱ ከተማ ማገዶ ሲቸግራት ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቡ ኖሬ ዛሬ የጻፍኩትን ያህል ስለ እሱ ጽፌ አላውቅም። መጀመሪያ ጥላው። ቅጠሉ ጠርዙን ለፀሐይ ሰጥቶ ቁልቁል ስለሚንጠለጠል ጥላው የሳሳ ነው፤ ብርሃኑ መሬት ድረስ ይወርዳል። ልብወለድ ውስጥ ፍቅረኞችን «በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር» የሚያስቀምጥ ሰው ፀሐይ እየመታቸው መሆኑን ይወቀው።

ሁለተኛው ቅጠሉ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ በልጅነቱ የሚያወጣው ቅጠል ሰፊ፣ ወደ ክብነት የሚያደላ፣ አመድ የተነሰነሰበት ሰማያዊ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱን ይታከካል። ሲያድግ ሌላ ቅጠል ያወጣል፤ ረጅም፣ የተቆለመመ፣ ጥቁር አረንጓዴ። አንድ ዛፍ ሆኖ የሁለት ዛፍ ቅጠል ይመስላል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ጉቶው ነው። ትልቁ ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ የሚያወጣው ያንን የልጅነቱን ቅጠል ነው። ሽማግሌ ሥር፣ የሕፃን ቅጠል።

ይሄን ከጻፍኩ በኋላ እርሳሱን ለረጅም ጊዜ አላነሳሁትም። ሰላምና የሺ እናት አላቸው፤ ሕመሟ «አልጋ ያዘች» ከማለት ሌላ ምንም አልተጻፈለትም። አሁን ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ሕመሙ ከጣላት ወዲህ የልጆቿን ስም ትታ፣ እረኛ ሳለች አብራት ትውል የነበረችውን እህቷን ነው የምትጣራው። የሺን በዚያ ስም ትጠራታለች። የሺም አቤት ትላለች።

ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ ዝም ብዬ መቀመጤ አላማራቸውም መሰለኝ መጡ።

«ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?»

«አይ አባባ፣ ዛፍ እያየሁ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ታያለህ? ና ኮሶውን ላሳይህ።» ወሰዱኝ። ኮሶ ሴትና ወንዱ ለየብቻ የሚበቅል ዛፍ መሆኑን ከእሳቸው ሰማሁ። አበባው በበጋ ይመጣል፤ ቀላ የሚለው የሴቷ ነው፣ ለመድኃኒት የሚፈለገውም እሱ። ይሄ ለታሪኩ አይሆንም፤ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

ሐምሌ 19

ዛሬ አልወጣሁም፣ ዝናቡ ከለሊት ጀምሮ አላባራም። ስለዚህ ትንሽ ሐሳብ።

ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይሄን ሥራዬን ቢሰማ ይስቃል። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ሲፈልግ ከጎጆው ወጥቶ ዛፍ ሥር፣ ገደል አፋፍ፣ ሰው የማይደርስበት ቦታ መቀመጡ የቆየ ልማድ ነው፤ የቆጠረውን ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። ግን አበባ ለማየት አልወጣም። የወጣው ጸጥታ ፍለጋ ነው፣ አሳቡን የሚበጠብጥ እንዳይኖር። ብዙ ጊዜ ተፈጥሮን የምንጠራው ለሰምነት ነው፤ ወርቁ አስቀድሞ ልባችን ውስጥ ተወስኗል፣ የሚያለብሰው ሰም ፍለጋ ወደ ወንዙና ወደ ወፉ እንሄዳለን። በቅኔ ይሄ ያምራል። በልብወለድ ግን እኔን አላዋጣኝም፤ ወርቁን አስቀድሜ ስለማውቀው ሰሙን በደንብ አላየውም። በዚህ ክረምት ሰሙን ብቻ ለቅሜ ወርቁ ከየት እንደሚመጣ ላይ እላለሁ።

የቅዱስ ያሬድን ትል ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን የወጣውን። ከልጅነታችን ጀምሮ ለትዕግሥት ትምህርት ነው የተነገረን። እኔን አሁን የሚያስደንቀኝ የትሉ ትዕግሥት አይደለም፤ አንድ ትል ሰባት ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ እስኪቆጥር ድረስ ዛፍ ሥር የተቀመጠው ሰው ነው።

ነሐሴ 3፣ እንጦጦ

ዝናቡን በጆሮ። ጽድ ላይ የሚወርድ ዝናብ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ቅጠሉ ደቃቅና ጥቅጥቅ ስለሆነ ጠብታውን ይሰባብረዋል። ባሕር ዛፍ ላይ ይንኳኳል። ቆርቆሮ ላይ ሰው ያስጮኻል፤ እናትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ይጯጯሃሉ። (ይሄ የመጨረሻው ለታሪኩ ገባ። የሺና ሰላም የሚጣሉበትን ትዕይንት ቆርቆሮ ሥር አመጣሁት። ሲጣሉ እየተጯጯሁ ነው፤ ዝናቡ ድንገት ሲያቆም የሺ ድምጿን መቀነስ ትረሳለች፣ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል።)

ሌላ ነገር፦ ዝናቡ ካባራ በኋላ ዛፍ ሥር ያለ ሰው ገና እየዘነበበት ነው። ቅጠሉ የያዘውን እየለቀቀ ነው። ጭጋግ ባለበት ቀን ጭራሽ ሳይዘንብም ከባሕር ዛፉ ሥር ይንጠባጠባል፤ ጭጋጉ ቅጠሉ ላይ ውኃ ሆኖ።

ሽታውንም ለመጻፍ ሞከርኩ። አማርኛ ልብወለድ ውስጥ ዝናብ በዘነበ ቁጥር አፈር ይሸታል። ነሐሴ ላይ አይሸትም፤ ቢያንስ እንደዚያ አይሸትም። ያ ሽታ የሚመጣው አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ጠብታው ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፍ ወደ አየር ይበተናል። ስለዚህ ቦታው የበልግ የመጀመሪያ ዝናብና የሰኔ መግቢያ ነው። ነሐሴ የሚሸተው የራሰ እንጨት ጭስ፣ ያልደረቀ ልብስ፣ ሻጋታ የጀመረው የጫማ ሳጥን፣ ከፊት ሰው የረገጠው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ሰላም ከአውሮፕላን ወርዳ መጀመሪያ የሚሸታት ይሄ እንዲሆን አደረግሁ። «የአገሬ አፈር» አላለችም። «ልብሳችሁ አልደረቀም እንዴ?» አለች።

ሲመሽ ከላይ ጅብ ጮኸ። ድምፁ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ለሌላ ጊዜ።

ነሐሴ 15፣ እንጦጦ፣ ቁልቁለቱ ላይ

እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ከሚወርዱት እናቶች አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ቆመች። ላግዝ ብዬ ተነሳሁ።

«ተወው የኔ ልጅ፣ ካወረድኩት ማን ያነሳልኛል?»

ይሄን ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ሌላ ነገር አላወራንም። የሸክሙን ቁመት በዓይኔ ለካሁ፣ ከእሷ ይረዝማል፣ መንገዱን በወርዱ ይዘጋል፣ ስለዚህ ቁልቁለቱን በጎን ነው የምትወርደው። ስለ እነዚህ ሴቶች ብዙ ግጥም ተጽፏል፤ በጎን መውረዳቸውን ግን ያነበብኩበት ግጥም የለም።

ነሐሴ 26፣ ሱሉልታ ሜዳ

እንጦጦን ተሻግሬ ሜዳው ላይ ወረድኩ። ውኃ የቋጠረ ሣር፣ ከብት፣ ገብስ። ጋጋኖዎች በመንጋ ይጮኻሉ፤ ድምፃቸውን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይሰማዋል፣ ለማየት ግን ማንም ቀና አይልም።

ዛሬ የመጣሁት ለአንዲት ወፍ ነው። እኛ ሰፈር የመስቀል ወፍ የሚባለው ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነው ነው፤ ሌላ ሰፈር ቀዩን ወይም ባለ ረጅም ጅራቱን በዚያ ስም ይጠሩታል። ባለ ቢጫው ሣር ውስጥ ነበር። ከሣሩ ጫፍ ይነሳል፣ ላባውን ነፍቶ ዝቅ ብሎ እያጉረመረመ ይበራል፣ ሌላ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ሣሩ ይጎብጣል። ደግሞ ይነሳል። እዚያው አንድ ክልል ውስጥ ነው የሚመላለሰው። ያለፈበትን መስመር ደብተሩ ላይ ሳልኩት፤ ድንበር ነው። ከታች ደግሞ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር ሴቶች አሉ፤ ከሣር ላይ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ጎጆውን ከሣር የሚጎነጉነው ወንዱ ነው፤ ውስጡን የምታነጥፈው ሴቷ ናት። በነገራችን ላይ «የመስቀል ወፍ» እያልን ለሴት የምንዘፍነው፣ ቢጫ የለበሰው ወንዱ ነው።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?»

«ምንም። ይሄን ወፍ እያየሁ ነው። መቼ ነው የመጣው?»

«ከየት?»

«ከሄደበት ነዋ። ለመስቀል አይደል የሚመጣው?»

ልጁ ተገረመብኝ። «እሱማ ሁልጊዜ አለ። ገብሳችንን ማን የሚበላው መሰለህ?»

«በበጋም?»

«በበጋም። ያኔ ከድንቢጥ ጋር ነው የሚውለው። መልኩም የድንቢጥ ነው።»

ማታ የወፍ መለያ መጽሐፍ ገልጬ አየሁት፤ ልጁ ያለው ልክ ነው። ወንዱ ጥቁርና ቢጫውን የሚለብሰው ዝናቡን ተከትሎ፣ ሣሩ ለጎጆ ሲረዝምና ዘር መያዝ ሲጀምር ነው። ከዚያ ላባውን ይቀይራል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ከሌሎች ጥሬ ለቃሚዎች ጋር በመንጋ ይውላል። ከየትም አይመጣም፣ የትም አይሄድም። የማናየው እኛ ነን።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ሰፈር ውስጥ ልጆች ለጠበል ዝናቡ ውስጥ ራቁታቸውን ይሯሯጣሉ። መስኮት ላይ ሆኜ የሱሉልታውን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩ። ለረጅም ጊዜ የጠፋን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» እንለዋለን። የታሪኬ ርዕስም እስካሁን በዚያ አቅጣጫ ነበር፤ ሰላም የመስቀል ወፍ ናት፣ ቆይታ መጣች።

ወፉ ግን አልሄደም።

ማታ ታሪኩን ከሥሩ ነቀልኩት። ባለታሪኳ የሺ ናት። ያልሄደችው። እናቷን የምታገላብጠው፣ ዕድር የምትከፍለው፣ ቀጠሮ ካርዱን የያዘችው፣ ከሪያድ የመጣውን ገንዘብ ወረፋ ቆማ የምትቀበለው። እህቷ ልትመጣ ነው ተብሎ ከተላከላት ቀሚስ አንዱን፣ ቢጫውን፣ ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ትለብሰዋለች። ከቤት ወጥታ ቄጤማ ልትገዛ መንገድ ላይ ስትቆም፣ አብራቸው ያደገች ጎረቤት አቅፋ ትስማታለች፦

«ውይ! መቼ መጣሽ?»

ይቺን ዐረፍተ ነገር ቤት ቁጭ ብዬ ለዓመት ብፈልጋት የምትመጣ አይመስለኝም። የመጣችው ልጁ «ከየት?» ብሎ ስለጠየቀኝ ነው።

የሺ ምን ብላ እንደምትመልስ ገና አላውቅም።

መስከረም 5፣ ጉለሌ

አደይ አበባ። ዛሬ አንዱን ቀጥፌ በምላጭ ከፈትኩት። አደይ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ አንድ አበባ የሚመስለን የብዙ ደቃቅ አበቦች ስብስብ ነው። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ ዘር ግን አይሠሩም፣ ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው። ዘሩ የሚሠራው መሐል ላይ በተጨናነቁት፣ ማንም «አበባ» ብሎ በማይጠራቸው ትናንሽ ቱቦዎች ውስጥ ነው።

ይሄን ታሪኩ ውስጥ ላስገባው ፈለግሁ፤ በጣም ፈለግሁ። የሺ አደዩን በጣቷ እየበተነች ስታየው፣ ወዘተ። ጽፌ አነበብኩትና ሰረዝኩት። ወፉ የሚለውን ደግሞ መናገር ነው፤ አንባቢን በሁለት እጅ ጎትቶ ወርቁ ላይ ማፍጠጥ። አደዩ ታሪኩ ውስጥ ይቆይ፣ ግን አደይ ብቻ ሆኖ፣ ሕፃናት በር ላይ ይዘውት ቆመው «አበባዬሆሽ» ሲሉ፣ ግንዱ ከመዳፋቸው ሙቀት ጠውልጎ።

መስከረም 18

ትናንት ከደመራው ማግስት አመድ ግንባሩ ላይ ያደረገ ሰው መንገድ ሞልቶት ነበር። የጻፍኩት ይሄን ብቻ ነው፣ ደክሞኝ ነበር።

ጥቅምት 11

ረቂቁ አለቀ፤ አሥራ አንድ ገጽ። አሁን የማጽዳት ሥራ ነው፣ የሚያስገርመው ደግሞ የምሰርዘው አብዛኛው ተፈጥሮው ነው። ከደብተሩ የወጣው ሁሉ ያምራል፣ ያምራልና እዚያ ተዘርግቶ ታሪኩን ያስቆመዋል። ጽዱ ወጣ። ጋጋኖው ወጣ። ጭጋጉ ከአንድ ገጽ ወደ አንድ ሐረግ ወረደ። የቀረው አንድ ሰው ሲነካው፣ ሲሸሸው ወይም ሲሳሳትበት ብቻ ነው፤ ዝናቡ የቀረው የሺን ስላስጮኻት፣ ያልደረቀው ልብስ የቀረው ሰላም ስለሸተታት።

እንጨት የምትሸከመዋ እናት ታሪኩ ውስጥ የለችም። «ካወረድኩት ማን ያነሳልኛል?» ግን የሺ አፍ ውስጥ ገብቷል፤ ሰላም «አሁን እኔ አለሁ፣ አንቺ ትንሽ ዕረፊ» ስትላት።

ኅዳር 21፣ ሱሉልታ

አንድ ነገር ማየት ስለነበረብኝ ተመለስኩ። ሣሩ ታጭዷል፣ ክምር ሆኗል። አጨዳ ላይ ያሉ ሰዎች ከሩቅ ሰላምታ ሰጡኝ። ከገብስ ገለባው ላይ ቡናማ ወፎች በመንጋ ይለቅማሉ፤ ድንቢጥ የቱ፣ የመስቀል ወፍ የቱ፣ ቆመው ሳሉ አይለይም። ጥቂቶቹ ግን ደረታቸው ላይ ጥቁር ላባ ቦታ ቦታ ቀርቷቸዋል፤ ልብስ መቀየሩ አላለቀም። ከዚያ ውሻ ሮጠባቸውና መንጋው ተነሳ። ሲነሳ፣ ከቡናማዎቹ ውስጥ የአንዳንዶቹ ወገብ ቢጫ ነው። ክንፋቸውን አጥፈው ሲቀመጡ ይሸፈናል፤ ሲበሩ ይታያል። መጽሐፉም ይለዋል፣ ባለ ቢጫው ወንድ የወገቡን ቢጫ በበጋም አይለቅም። አንብቤው ነበር፤ ሳላየው ግን ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም ነበር።

መጨረሻውን እዚያው ላስቲኬ ላይ ተቀምጬ ቀየርኩት። እስካሁን የሺ ለጎረቤቷ «የትም አልሄድኩም» ብላ ትመልስ ነበር፤ ምሬት አለው፣ ግን ማንም የሚጽፈው ነው። አሁን እንዲህ ትላለች፦

«ትናንት ማታ።»

ውሸቷን ነው። ጎረቤቲቱም ስለ ሪያድ ሙቀት ትጠይቃታለች፣ የሺም ቄጤማውን እንደያዘች ትመልስላታለች፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ማዳሟ፣ ስለ ደመወዟ። ሁሉንም ከእህቷ የስልክ ወሬ ታውቀዋለች። አንድ ገጽ ሙሉ ትዋሻለች፣ በደንብም ትዋሻለች።

ታኅሣሥ 2

ረቂቁን የምታነብልኝ ጓደኛዬ መልሳ ላከችው። አስተያየቷ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የባሕር ዛፉ ጉቶ ይውጣ፤ እናቲቱ የእህቷን ስም መጥራቷ ብቻውን ይበቃል ትላለች። ልክ ናት፣ ወጣ። ሁለተኛ፣ የሺ ስትዋሽ ሰላም ከኋላ ቆማ ትስማ ትላለች። እዚህ ላይ አልተስማማንም። ሰላም ከሰማች ታሪኩ ወደ እህትማማቾቹ ይመለሳል፤ ካልሰማች ውሸቱ የየሺ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ እኔም የምፈልገው ያንን ነው። እሷ ደግሞ «ታዲያ ቢጫውን ማን ያየዋል?» አለችኝ።

ነገ ሁለቱንም ጽፌ ጮክ ብዬ አነባቸዋለሁ። ደብተሩ ውስጥ የቀረው፣ ጅቡ፣ ኮሶው፣ በጎን የሚወረደው ቁልቁለት፣ ለሚቀጥለው ሥራ በሌላ ገጽ ተገልብጧል።